ስልኩ ማዳመጥ አያስፈልገውም

ስለ ቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ሲወራ «ስልኬ ይሰማኛል» የሚለው ጥርጣሬ ሳይነሳ አይቀርም። ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ጫማ ያወራሉ፤ ከሰዓታት በኋላ ያው ጫማ በአንዳቸው ስልክ ላይ ማስታወቂያ ሆኖ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ቁም ነገር ሲያወራ ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ የሚመጣ ሰው አለ። ጥርጣሬው ከባዶ የመጣ አይደለም፤ ነገር ግን ጥንቃቄያችንን የተሳሳተ በር ላይ አቁሞታል። ኩባንያዎቹ ስለ እኛ ይህን ያህል ለማወቅ ድምፃችንን መስማት አያስፈልጋቸውም። ሳንናገር የምንተወው ዱካ ይበቃቸዋል። የዱካው ክፋት ደግሞ የባለቤቱን ብቻ ሳይሆን ምንም ያልተጠየቁ የሌሎች ሰዎችን ጉዳይ አብሮ ይዞ መሄዱ ነው።

በመጀመሪያ የማይክሮፎኑን ነገር እንመርምር። የሰው ንግግር ተጨምቆ በሰከንድ 24 ኪሎቢት ያህል ሆኖ በኢንተርኔት ሊጓዝ ይችላል። ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚልክ ስልክ ታዲያ በቀን ወደ 260 ሜጋባይት፣ በወር ከ7 ጊጋባይት በላይ ይፈጃል። የኢንተርኔት ጥቅል በሜጋባይት እየገዛ ለሚጠቀም ሰው ይህ ሊሰወር የሚችል ወጪ አይደለም። ንግግሩ እዚያው ስልኩ ውስጥ ወደ ጽሑፍ ተለውጦ ቢላክ ዳታው ይቀንሳል፤ ግን ስልኩ ያለ ዕረፍት ስለሚሠራ ባትሪው ያጋልጠዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17 ሺህ በላይ የአንድሮይድ መተግበሪያዎችን ፈትሸው ነበር። ከተጠቃሚው ተደብቆ ማይክሮፎን የሚከፍትና ድምፅ የሚልክ አንድም አላገኙም። ይልቁንም ተጠቃሚው በስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን በቪዲዮ እየቀዱ ለሌላ ኩባንያ የሚያስተላልፉ መተግበሪያዎች አገኙ። የተፈራው ጆሮ ነበር፤ የተገኘው ዓይን ሆነ።

እዚህ ላይ ጠንካራ ተቃውሞ ሊነሳ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የአፕል፣ የጉግልና የአማዞን የድምፅ ረዳቶች የቀዷቸውን ንግግሮች ሠራተኞች ያዳምጡ እንደነበር ታውቋል፤ ከቅጂዎቹ መካከል ረዳቶቹ ሳይጠሩ በስህተት ነቅተው የያዟቸው ይገኙበታል። አፕል በዚያው ዓመት ይቅርታ ጠየቀ፤ በኋላም ጥፋቱን ሳያምን በዚሁ ጉዳይ የቀረበበትን ክስ በ95 ሚሊዮን ዶላር ለመዝጋት ተስማማ። ይህ በደል ነው፤ ማቃለልም አይገባም። ሆኖም በስህተት የነቃ ረዳት የሰማውን ቁራጭ ንግግር መቅዳት አንድ ነገር ነው፤ የቢሊዮኖችን ጨዋታ ሌት ተቀን እያዳመጡ ማስታወቂያ መምረጥ ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ለሁለተኛው ማስረጃ አልተገኘም። ደግሞም ርካሹ መንገድ ክፍት እያለ ውዱን መንገድ የሚመርጥ ነጋዴ የለም።

ርካሹ መንገድ ይህ ነው። እያንዳንዱ ዘመናዊ ስልክ ለማስታወቂያ ሥራ የተመደበ መለያ ቁጥር አለው። የጨዋታ መተግበሪያው፣ የአየር ሁኔታው፣ የዜናው፣ የገበያው ሁሉ ይህን ቁጥር ማንበብ ከቻሉ በየፊናቸው የሰበሰቡት መረጃ በአንድ ሰው ሥር ይገጣጠማል። ስለ ጫማው ያወሩት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ዋይፋይ ላይ ነበሩ እንበል። አንደኛው ከመገናኘታቸው በፊት ያንን ጫማ ፈልጎ አይቷል፤ ዕድሜያቸውና የሚከታተሏቸው ገጾች ይቀራረባሉ። እነዚህን ሦስት ነገሮች ለሚያውቅ ሥርዓት የአንዱን ፍላጎት ለሌላው መገመት ከባድ አይደለም፤ ምን እንዳወሩ ግን አልሰማም። በዚያ ላይ የእኛ ትዝታም ጥርጣሬውን ያግዘዋል፤ ሳንመለከታቸው ያለፉትን ብዙ ማስታወቂያዎች እንረሳለን፣ የገጠመውን አንዱን ግን ለሰው ሁሉ እናወራለን።

«ስሜ እስካልተጻፈ ድረስ ምን ይጎዳኛል?» የሚለውም አስተያየት ከዚህ የተሻለ መሠረት የለውም። በ1990ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የማሳቹሴትስ ግዛት የመንግሥት ሠራተኞቹን የሕክምና መዝገብ ስም አውጥቶ ለተመራማሪዎች ሰጠ፤ የግዛቱ አገረ ገዥ ዊልያም ዌልድም የማንም ምስጢር እንደማይወጣ ለሕዝቡ አረጋገጡ። ያኔ ተማሪ የነበረችው ላታንያ ስዊኒ የካምብሪጅ ከተማን የመራጮች ዝርዝር በ20 ዶላር ገዛችና ከሕክምና መዝገቡ ጋር አስተያየችው። በከተማዋ የአገረ ገዥው የልደት ቀን ያላቸው ስድስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ከስድስቱ ወንዶች ሦስት፤ ከሦስቱ ደግሞ በእርሳቸው የፖስታ ኮድ የሚኖር አንድ ብቻ። የአገረ ገዥውን የሕክምና መዝገብ ለራሳቸው ቢሮ ላከችላቸው። ስዊኒ በኋላ እንዳሰላችው የልደት ቀን፣ ፆታና የፖስታ ኮድ ብቻ 87 በመቶ የሚሆነውን አሜሪካዊ ለይቶ ለማውጣት ይበቃል። ሌላ ተመራማሪ በአዲስ የሕዝብ ቆጠራ ሲያሰላው ቁጥሩ ወደ 63 በመቶ ወርዷል፤ ይህም ቢሆን ከግማሽ በላይ ነው።

የኢትዮጵያ አንባቢ «እኛ ቤታችንን በሰፈርና በምልክት እንጂ በፖስታ ኮድ አንለይም» ሊል ይችላል። እውነት ነው፤ ስልክ ግን እንይዛለን። ኢቭ አሌክሳንደር ደ ሞንጆይና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2013 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአውሮፓ አገር የሚኖሩ 1.5 ሚሊዮን የሞባይል ተጠቃሚዎች በ15 ወር ውስጥ የተንቀሳቀሱበትን መዝገብ መረመሩ። መዝገቡ ስም የለውም፤ ቦታው በአንቴና ክልል፣ ጊዜው በሰዓት የተመዘገበ ነው። እንዲያም ሆኖ አንድን ሰው ከሌላው ሁሉ ለመለየት አራት የቦታና የሰዓት ነጥቦች ለ95 በመቶው በቂ ሆነው ተገኙ። ሁለት ነጥብ እንኳ ከግማሽ በላይ የሚሆኑትን ይለያል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጠዋት ከአያት ተነስቶ መርካቶ የሚውል ሰው ብዙ ነው፤ ከእነዚህ ውስጥ ማክሰኞ ማታ ሳሪስ፣ እሑድ ረፋድ ደግሞ ሽሮ ሜዳ የነበረውን ስንፈልግ ግን ሕዝቡ ወዲያው ይሳሳል። ስም ከዝርዝሩ የሚፋቅ አንድ ዓምድ ነው፤ አኗኗርን ግን ከመዝገቡ መፋቅ አይቻልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የስልክ ማውጫችን ጉዳይ ነው። አዲስ መተግበሪያ ስንጭን «የስልክ ቁጥሮችህን እንድመለከት ፍቀድልኝ» ይላል፤ ጣታችን «እሺ» ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት የምንሰጠው የራሳችንን አይደለም። የሐኪማችንን፣ የንስሐ አባታችንን፣ ሪያድ ቤት ሠራተኛ ሆና የምትኖር የእህታችንን፣ ዋሽንግተን ያለውን የአጎታችንን ልጅ ቁጥር ነው። ደዋይን በስም የሚያሳዩ መተግበሪያዎች ስሙን የሚያገኙት ከዚሁ ከሌላ ሰው ማውጫ ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ መተግበሪያውን በሕይወቱ ጭኖ የማያውቅ ሰው ስሙ እዚያ ይገኛል። ጉዳቱ በግምት ብቻ የሚነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 የ533 ሚሊዮን የፌስቡክ ተጠቃሚዎች ስልክ ቁጥርና ሌላ መረጃ በአደባባይ ተለቀቀ። ኩባንያው እንዳስረዳው መረጃው የተለቀመው ከ2019 መስከረም በፊት፣ ሰዎች ወዳጆቻቸውን በስልክ ቁጥር እንዲያገኙ የተሠራውን አገልግሎት በብልጠት በመጠቀም ነው። የአየርላንድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2022 ኩባንያውን 265 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣው። ስምህን ጠርቶ፣ ቁጥርህን አውቆ ለሚደውል አጭበርባሪ እንዲህ ያለ ዝርዝር የሥራ መሣሪያ ነው።

«የምደብቀው ነገር የለኝም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ ይወድቃል። ማውጫህ ውስጥ ያለችው ሴት ከጨካኝ ባሏ ሸሽታ ቁጥር የቀየረች ልትሆን ትችላለች፤ በእሷ ፋንታ «የምትደብቂው የለሽም» ለማለት ማን ሥልጣን ሰጠህ? «መልእክቶቼ የተመሰጠሩ ናቸው» የሚለውስ? ዋትሳፕ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ መልእክት ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም እንዳያነበው አድርጎ ይመሰጥራል፤ ይህ ትልቅ ጥበቃ ነው። ግን የሚዘጋው የተባለውን እንጂ ማን ከማን ጋር፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ እንደተገናኘ አይደለም። አገራችን ውስጥ በብዛት የምንጠቀምበት ቴሌግራም ደግሞ እንዲህ ያለውን ምስጠራ የሚሰጠው «ምስጢራዊ ውይይት» ተብሎ ለብቻው ሲከፈት ነው፤ ተራው ውይይትና የቡድን መልእክት በኩባንያው ሰርቨር ላይ ይቀመጣል፣ ቁልፉም በኩባንያው እጅ ነው። ይህን ልዩነት ሳያውቅ የመታወቂያውን ፎቶ በቴሌግራም የሚልክ ሰው ቁጥሩ ቀላል አይመስለኝም።

ተስፋ የቆረጠው ሰው «አንዴ ወጥቷል፣ አሁን ምን ይደረጋል» ይላል። ይህም ልክ አይደለም፤ መረጃ ያረጃል፣ ያለፈው ዓመት ቦታዬ የዛሬውን አይነግርም፣ ስለዚህ ገበያው በየቀኑ አዲስ ዱካ ይፈልጋል። አፕል እ.ኤ.አ. በ2021 ስልኮቹ ላይ መተግበሪያዎች ተጠቃሚውን ከመከታተላቸው በፊት በግልጽ እንዲጠይቁ አስገደደ። የፌስቡክ ባለቤት ሜታ በቀጣዩ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለውጡ በ2022 ገቢውን በ10 ቢሊዮን ዶላር ገደማ እንደሚቀንሰው አስታወቀ። «ሰው ነፃ አገልግሎት አግኝቶ በፈቃዱ ነው መረጃውን የሚሰጠው» ለሚሉት ይህ ቁጥር በቂ መልስ ነው፤ በእርግጥ ፈቃድ ኖሮ ቢሆን በመጠየቅ ብቻ ይህን ያህል ገንዘብ ባልጠፋ።

ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታ ቁጥጥሩን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሰጥታለች። ሥራው ከየት ይጀምር ቢባል መልሴ ከስልክ ማውጫው ነው። ብድር የሚሰጥ፣ ታክሲ የሚጠራ ወይም ዕቃ የሚሸጥ መተግበሪያ የደንበኛውን ማውጫ ሙሉ በሙሉ የሚፈልግበት ምን ምክንያት እንዳለው በጽሑፍ ያስረዳ፤ ማስረዳት ካልቻለ አይጠይቅ። የአንድ ሰው «እሺ» በማውጫው ውስጥ ላሉት ሁሉ ፈቃድ ሆኖ ሊቆጠር አይገባም።