ማለዳ አልነሣ ያለ መኪና

በመርካቶ እህል የሚያከፋፍል አንድ ነጋዴ የጭነት መኪናው ሰኞ ማለዳ አልነሣ አለው። ጫኞቹ የቀን ሒሳባቸውን እያሰቡ ቆመዋል፤ ጤፉን የሚጠብቀው ደንበኛም ስልክ መደወሉን አላቋረጠም። ሹፌሩ «ባትሪው ሞቷል» ስላለ አዲስ ተገዝቶ ተገጠመ። በዐሥረኛው ቀን ግን መኪናው እንደ ቀድሞው ዝም አለ። ነጋዴው ሹፌሩን ለማሰናበት ተቃርቦ ሳለ ቢመረመር፥ ለካ ቺንጋው ላልቶ ኖሮ ዲናሞው ባትሪውን በሚገባ አይሞላውም ነበር። ፊተኛው ባትሪ ምንም ጥፋት አልነበረበትም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ከውጭ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ በእጅ ያለውን መኪና መጠበቅ ይበልጥ የሚያሳስብ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህ ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት በገዛ ግቢ ዐሥር ደቂቃ መመርመር ይበጃል።

የመጀመሪያው ምርመራ መሣሪያ አይጠይቅም። የፊት መብራት በርቶ ሳለ ሞተሩን ለማስነሣት ቁልፉ ይዞራል። መብራቱ በዚያ ጊዜ እጅግ ከፈዘዘ፥ ወይ ባትሪው ደክሟል፥ ወይም ሽቦው ከባትሪው ራስ ጋር የሚያያዝበት ስፍራ ዝጓል። መብራቱ ሳይፈዝ ሞተሪኖው ድምፅ ካላሰማ ግን ጥፋቱ በሞተሪኖው ወይም ወደ እርሱ በሚሄደው መሥመር ነው። አውቶማቲክ ማርሽ ያለው መኪና ማርሹ ከ«ፒ» ወይም ከ«ኤን» ውጭ ሆኖ ሲገኝም እንዲሁ ዝም ይላል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ መካኒክ የሚጠራ ሰው አይታጣም። ሞተሪኖው በኃይል እያዞረ ሞተሩ ካልተነሣ ነዳጁን፥ በቤንዚን መኪናም ካንዴላውን መመልከት ይገባል።

በባትሪው ራስ ላይ ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት የሚመስል ዝገት ቢታይ ሞተሩ ጠፍቶ በቢካርቦኔትና በሙቅ ውሃ ይታጠባል። አስቀድሞ የሚፈታው የኔጋቲቩ ሽቦ ነው፤ ሲታሰርም መጨረሻ ይሆናል። ይህ ቅደም ተከተል ከተዛባ መፍቻው የመኪናውን ብረት ነክቶ እሳት ይረጫል። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ ተቀጣጣይ ስለ ሆነ በአጠገቡ ሲጋራ ማጨስ አይገባም።

ከዚህ በኋላ ቴስተር ያስፈልጋል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሌሊቱን ዐርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት ገደማ ካሳየ ሙሉ ነው፤ ከ12 በታች ከሆነ ባዶ ነው ለማለት ይቻላል። ሞተሩ ሲሠራ በአብዛኛው መኪና ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። ቁጥሩ ከፍ ካላለ ባትሪውን ትቶ ቺንጋውንና ዲናሞውን መመርመር ነው።

ሞተሩ እየሠራ የባትሪውን ሽቦ በመንቀል ዲናሞውን መፈተን ከቀድሞ ሹፌሮች የተወረሰ ልማድ ሲሆን፥ ፈጽሞ ሊቀር የሚገባው ነው። የዛሬ መኪና በኮምፒውተር ስለሚመራ በድንገት ከፍ የሚለው ቮልት ከባትሪው እጅግ የሚበልጥ ዋጋ ያለውን ዕቃ ሊያቃጥል ይችላል። በተቃጠለ ፊውዝ ምትክ ሽቦ ወይም የሲጋራ ብራና መጠቅለልም ከዚህ አይሻልም፤ ባለ 15 አምፔር በባለ 15 ይተካል፤ ደግሞ ከተቃጠለ የተላጠ መሥመር አለና ለኤሌክትሪክ ሠራተኛ መስጠት ነው።

የእህል ነጋዴው መኪና ቺንጋው ተወጥሮለት 14.2 ቮልት አሳየ። ፊተኛው ባትሪ ተሞልቶ ዛሬ በመጋዘኑ ጠባቂ ክፍል መብራት ያበራል፤ ሹፌሩም በሥራው ላይ ነው።