ከግሸን የሚወርደው ማን ነው?

ክፍል አራት፦ ቀድሞ የደረሰው

ባለፉት ሳምንታት፦ ሰኔ 1426 ዓ.ም. ነው። ዓፄ ዐምደ ኢየሱስ ዐርፈዋል፤ ሞታቸው ግን ገና አልታወጀም። የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት፣ በንጉሡ ሰፈር ዓቃቤ ሰዓት የሆኑት አባት፣ ለገዳማቸው የምሥጢር ቃል ልከዋል። አንድ ሽማግሌ መነኩሴና አንድ ወጣት ዲያቆን ያንን ቃል ይዘው በሌሊት ከደሴቲቱ በታንኳ ወጥተዋል። ቃሉ አንድ ስም ነው፤ የዓፄ ዳዊት ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ። ዲያቆኑ ስሙን ጠይቆ የሰማው እዚያው ውኃው ላይ ነው። ታንኳውን የቀዘፈላቸው ጎረምሳ እስከ ዳር ድረስ አንድም ቃል አልተነፈሰም።

*

ሁለተኛው ሌሊት ሲነጋ ዝናቡ አባራ። ሐይቁ ከኮረብቶቹ ጀርባ ከተሰወረ ቆይቷል። ከፊታቸው የአምባሰል ሰንሰለት ጉም ለብሶ ቆሟል። ወቅቱ የሐዋርያት ጾም ስለሆነ የያዙትን ቆሎ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይነኩትም። ሽማግሌው መቋሚያቸውን ጭቃው ውስጥ እየተከሉ ሽቅብ ይወጣሉ።

«አባ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ ልጄ።»

«እኔ ፊደል ስቆጥር በቅዳሴ የሚጠራው የዓፄ ይስሐቅ ስም ነበር። ዳዊት መድገም ስጀምር ዓፄ እንድርያስ ተባለ፤ እሳቸውም ዓመት አልሞሉም። ድቁና ስቀበል ዓፄ ተክለ ማርያም ነበሩ። ከእሳቸው በኋላ ልጃቸው ሠርወ ኢየሱስ ስምንት ወር፣ አሁን ደግሞ ሌላው ልጃቸው ዐምደ ኢየሱስ ስምንት ወር። በአምስት ዓመት አምስት ነገሥታት! ሕዝቡ የሚጸልይለትን ስም ሳይለምድ ሌላ ይመጣል። እግዚአብሔር ተቆጥቶን ነው?»

ሽማግሌው ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ።

«ንጉሥ ሰው ነው፣ ይሞታል። በሞት አገር አይፈርስም። እኔን የሚያስፈራኝ በአንዱ ሞትና በሌላው ንግሥ መካከል ያለችው ጊዜ ናት። አሁን እኛ የምንሄደው በዚያች ጊዜ ውስጥ ነው።»

ጉዟቸውን ቀጠሉ። ሽማግሌው ግን የጀመሩትን አልተዉትም።

«በአባታችን በኢየሱስ ሞዐ ዘመን፣ ከ160 ዓመት በፊት፣ ይኩኖ አምላክ ዘውዱን ከዛጔ እጅ ተቀበለ። የሱ ልጅ ይግባ ጽዮን ሲሞት ግን አምስት ልጆቹ በአምስት ዓመት ተፈራረቁበት። አገሩ ታወከ። የንጉሥ ዘር በአምባ ላይ ይጠበቅ የተባለው ያን ጊዜ ነው ብለው አባቶች ነግረውናል። ወንድም በወንድሙ ላይ ጦር እንዳያነሣ፣ ወራሹ ሁሉ ግሸን ላይ ይቀመጣል። ንጉሥ ሲሞት አንዱ ይወርዳል፤ ሌሎቹ ዕድሜያቸውን እዚያው ይጨርሳሉ።»

«ጨካኝ ሥርዐት ነው፣ አባ።»

«ከዚህም የከፋ አለ። ኢየሩሳሌም ሳለሁ ከቡልጋር አገር የመጡ መነኮሳት የነገሩኝን አልረሳውም። የቱርኩ ንጉሥ ተማርኮ ሲሞት ልጆቹ ዐሥራ አንድ ዓመት ተፋጁ። እርሻው ተቃጠለ፣ ገዳማቱ ተዘረፉ። አንዱ ወንድም የቀሩትን አጥፍቶ ነው ዙፋኑ ላይ የተቀመጠው።»

ሽማግሌው የሚያወሩት ዛሬ ባልካን በምንለው ምድር ጭምር የሆነውን ነው። ሱልጣን ባየዚድ በ1394 ዓ.ም. አንካራ አጠገብ በታሜርላን ተማረከ። የልጆቹ ጦርነት ያበቃው በ1405 ዓ.ም. ነበር፤ ሙሳ በዛሬይቱ ቡልጋሪያ፣ ከሶፊያ ብዙም በማይርቅ ስፍራ፣ በወንድሙ በመሐመድ ድል ሆኖ ሲገደል። ከጥቂት ወራት በኋላ ኢትዮጵያ ውስጥ ዓፄ ዳዊት ዐረፉ፤ መንበሩም በልጆቻቸውና በልጅ ልጆቻቸው መካከል መዞር ጀመረ።

«እነሱ ይገዳደላሉ፣ እኛ እናስራለን» አለ ዲያቆኑ።

«እስር ከግድያ ይሻላል። ግን አልበቃንም ልጄ። ከአምባው ማን እንደሚወርድ አስቀድሞ የተቆረጠ፣ ባላገሩም መኳንንቱም የሚያውቀው ሕግ የለንም። ጥቂት ሰዎች ድንኳን ውስጥ ይመክራሉ፤ ከዚያ የሚሮጥ ሰው ይላካል። ከመኳንንቱ ገሚሱ እንደፈለጉ የሚያዙትን ሕፃን ይመርጣሉ። ዘርዐ ያዕቆብ ግን ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው፤ መጽሐፍ ያውቃል፣ መከራም ያውቃል። ለዚህ ነው የሚፈሩት። ሥልጣን የሚተላለፍበት መንገድ በግልጽ ካልታወቀ፣ አገር የምትወድቀው በመልእክተኛ እግር ላይ ነው። ቀድሞ የደረሰ ያነግሣል።»

ዲያቆኑ መልስ ሊሰጥ ሲል ዓይኑ መሬት ላይ ቀረ። በረጠበው ጭቃ ላይ የበቅሎ ኮቴ አለ። ወደ ላይ የሚወጣ ነው፤ የተመለሰ ኮቴ ግን የለም።

ሁለቱም ያዩትን አልተነጋገሩበትም። እርምጃቸውን ብቻ አፈጠኑ።

*

ግሸን በመስቀል ቅርጽ የተዘረጋ አምባ ነው። ዙሪያው ገደል ሆኖ መግቢያው አንድ ነው። ያንን መግቢያ የያዘ ሰው የኢትዮጵያን ወራሾች ሁሉ ይዟል። በኋለኛው ዘመን ጃንጥራር የሚል ማዕርግ ይዘው የኖሩት የአምባሰል ገዦች ክብራቸው ከዚህ ጥበቃ ጋር የተሳሰረ ነበር።

በሩ ላይ ሲደርሱ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ጦር የያዙ ጠባቂዎች መንገዱን ዘጉ። የአምባው ሹም ከዐለቱ ሥር ወጥቶ የሽማግሌውን መስቀል ተሳለመ።

«አባታችን፣ እንኳን ደኅና መጡ። ከወዴት ነው?»

«ከሐይቅ። ከዓቃቤ ሰዓቱ የተላከ ቃል ይዤ መጥቻለሁ።»

ሹሙ አንገቱን ደፍቶ ቆየ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ አለ።

«ሌላ ሰው ቀድሞዎታል፣ አባቴ። ትናንት ማታ ነው የደረሰው። ንጉሡ በሕይወት አሉ አለኝ። ሞተዋል እያሉ ሁለት ሰዎች ከሐይቅ ይመጣሉ፣ አንድ ልዑል አውርድልን ይላሉ አለ። የልዑሉንም ስም ነግሮኛል። ያንን ስም የጠራ በንጉሡ ላይ ያመፀ ነውና እሰረው፤ ልዑሉንም በሰንሰለት አግባው ብሎኛል።»

«ሰውየውን አመንከው?»

«ማንን እንደማምን አላውቅም! ንጉሡ በሕይወት ሳሉ ሰው ባወርድ አንገቴ ይቀላል። ሞተው ከሆነና ባላወርድ ደግሞ አገር ያለ ንጉሥ ያድራል። ስለዚህ ይንገሩኝ፤ ማንን ልትወስዱ መጣችሁ?»

ሽማግሌው ዝም አሉ። ስሙን ቢጠሩት ዘርዐ ያዕቆብ ዛሬ ማታ በብረት ይታሰራል፤ ምናልባትም ነገን አያይም። ባይጠሩት ድንኳን ውስጥ የሚጠብቁት መኳንንት የፈለጉትን ሕፃን ያነግሣሉ።

በዚህ መካከል ከጠባቂዎቹ ጎጆ አንድ ሰው ብቅ አለ። ነጠላውን እስከ ዓይኑ ተከናንቧል። ዲያቆኑ ፊቱን ማየት አላስፈለገውም፤ መቅዘፊያ ያሻከራቸውን እነዚያን ትልልቅ እጆች ያውቃቸዋል። የሐይቁ ታንኳ ቀዛፊ ነው።

ስሙን በውኃው ላይ ጠይቆ ያስነገረው እሱ ራሱ ዲያቆኑ ነበር። ደሙ ወደ ፊቱ ሲወጣ ተሰማው።

«እንግዲህ ተናገሩ!» አለ ሹሙ።

ሽማግሌው መስቀላቸውን ከፍ አድርገው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፣ ዲያቆኑ ከፊታቸው ገብቶ ቆመ።

«ቃሉን የያዝኩት እኔ ነኝ» አለ። «አባ ስሙን አያውቁም። በታንኳው ላይ የነገሩኝ ያ ሰው እንዲሰማው ብለው ነው። እውነተኛውን ስም አሁን እናገራለሁ።»

ታንኳ ቀዛፊው ክንብንቡን ገፈፈ። ሽማግሌው የዲያቆኑን ክንድ ጨበጡ፤ ልጁ ግን አፉን ከፍቷል።

ይቀጥላል።

በሚቀጥለው ሳምንት፦ ዲያቆኑ የማንን ስም ጠራ? ታንኳ ቀዛፊውንስ በበቅሎ የላከው ማን ነው?