ስለ ሁለቱ የነሐስ አናብስት፤ የሆንግ ኮንግና ሻንጋይ ባንክ በከተሞቹ ሕዝብ ዘንድ

የአንድ ባንክ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ከሒሳብ መዝገቡ ነው። የሕዝብን ልማድ ለሚመረምር ሰው ግን በባንኩ ደጃፍ የሚደረገው ነገር ከመዝገቡ ያላነሰ ያስረዳል። የሆንግ ኮንግና ሻንጋይ ባንክ ለዚህ መልካም ምሳሌ ይሆናል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ባንኩ የተቋቋመው በ1865 በሆንግ ኮንግ ሲሆን፤ የሻንጋይ ቅርንጫፉም በዚያው ዓመት ተከፈተ። ሐሳቡን ያመነጨው ቶማስ ሰዘርላንድ የተባለ በመርከብ ኩባንያ የሚሠራ ስኮትላንዳዊ ነበረ። በዚያ ዘመን በቻይና ወደቦች የሚሠሩት ባንኮች የበላይ መሥሪያ ቤታቸው በሩቅ አገር ስለ ነበረ፤ ነጋዴዎቹ ጉዳያቸው በቅርብ የሚታይበትን ባንክ ፈለጉ።

በ1923 በሻንጋይ የወንዝ ዳር ጎዳና ላይ ባለጕልላት ሕንጻ ተመረቀ። ከጕልላቱ ሥር ለንደንንና ቶኪዮን ጨምሮ የስምንት ከተሞች ሥዕል በሞዛይክ ተሠራ። በደጃፉም ሁለት የነሐስ አናብስት ቆሙ፤ አንዱ አፉን ከፍቶ ያገሣል፤ ሁለተኛው አፉን ገጥሞ በጸጥታ ይመለከታል። ስማቸውም ከሁለት የባንኩ ሹማምንት ተወስዶ ስቲቨንና ስቲት ተባለ። በ1935 የሆንግ ኮንግ ሕንጻ ሲሠራም ተመሳሳይ ጥንድ ቆመ። በቻይና በታላላቅ በሮች ግራና ቀኝ የአንበሳ ምስል ማቆም ጥንታዊ ልማድ ነው። ስለዚህ ቅርጹ የእንግሊዝ ቀራጮች ሥራ ቢሆንም፤ ሕዝቡ ትርጕሙን ከራሱ ባህል አገኘለት፤ አላፊ አግዳሚውም ዕድል እንዲቀናው መዳፋቸውን ይዳስስ ጀመር።

ጃፓኖች ሆንግ ኮንግን በያዙ ጊዜ አናብስቱ እንዲቀልጡ ወደ ጃፓን ተወሰዱ፤ ነገር ግን ከጦርነቱ በኋላ በኦሳካ ሳይቀልጡ ተገኝተው በ1946 ተመለሱ። የውጊያው ጠባሳ እስከ ዛሬ በስቲቨን ገላ ላይ ይታያል። የሻንጋዩን ሕንጻ ደግሞ ባንኩ በ1955 ለቀቀ፤ ሕንጻውም የከተማው አስተዳደር መሥሪያ ቤት ሆነ። ሞዛይኩ በልስን ተሸፍኖ ብዙ ዘመን ከቆየ በኋላ በ1997 እንደ ገና ተገለጠ።

በሆንግ ኮንግ፤ በኖርማን ፎስተር ንድፍ የተሠራው ሕንጻ በ1985 ሲፈጸም፤ አናብስቱ የተተከሉት የቦታን ዕድል የሚመለከቱ የፌንግ ሹዊ ዐዋቂዎች ከተጠየቁ በኋላ ነው። የሕንጻው ምድር ቤት ለመንገደኛ ክፍት ስለ ሆነ፤ እሑድ እሑድ ከፊሊፒንስ የመጡ የቤት ሠራተኞች በጥላው ተቀምጠው አብረው መብላትና መጨዋወት ልማዳቸው ሆነ። የባንኩ የበላይ መሥሪያ ቤት በ1993 ወደ ለንደን ሲዛወር አናብስቱ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ኋላ ለንደን የቆሙት ቅጅዎቻቸው ናቸው።

ይሁን እንጂ ይህ ቅርበት ፍቅርን ብቻ አያመለክትም። ጥር 1 ቀን 2020 በተደረገው የተቃውሞ ሰልፍ በባንኩ የተቈጡ ሰዎች አናብስቱን ቀለም ቀብተው እሳት ለቀቁባቸው፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ታድሰው ለሕዝብ ታዩ። ዕድል የሚለምነውም የተቈጣውም ሰው እጁን የዘረጋው ወደ አንዱ ነሐስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የንብረቱ ባለቤት ባንኩ ነው፤ ሐውልቱን የከተማ ምልክት ያደረገው ግን ሕዝቡ ነው። ስለዚህ የእንደዚህ ያለ ሐውልት ታሪክ ሲጠና፤ ማን አሠራው ከሚለው ጥያቄ ጋር እነማን ይዳስሱታል፤ ስለ ምንስ የሚለውም አብሮ መጠየቅ አለበት።