ሉፐስ በ20 ዓመት እና በ60 ዓመት ሲጀምር

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ሉፐስ ነው፣ በተለይ በስንት ዓመታችን ጀመረን የሚለው ምን ለውጥ እንደሚያመጣ። እኔ የነርሲንግ ተማሪ ነኝ፣ ሐኪም አይደለሁም፤ ስለዚህ ከዚህ ሰምታችሁ መድኃኒት እንዳታቆሙ፣ እሺ?

ሉፐስ ማለት የሰውነታችን መከላከያ የራሱን አካል እንደ ጠላት ቆጥሮ ሲያጠቃ ነው። አይተላለፍም። ቆዳን፣ መገጣጠሚያን፣ ኩላሊትን፣ ሳንባንና ልብን ሊነካ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በወጣት ሴቶች ላይ ነው፤ በመውለጃ ዕድሜ ለአንድ ታማሚ ወንድ 9 ያህል ሴቶች አሉ። ከ50 ዓመት በኋላ ሲጀምር ግን የወንዶቹ ድርሻ ከፍ ይላል።

በወጣትነት ሲመጣ ብዙ ጊዜ በኃይል ነው የሚመጣው፦ ትኩሳት፣ የፀጉር መርገፍ፣ አፍንጫና ጉንጭ ላይ የሚወጣ ሽፍታ። መጽሐፎቻችን ላይ ይሄ ሽፍታ ቀይ ነው፣ ፎቶው የነጭ ሰው ስለሆነ። በእኛ ቆዳ ላይ ግን ቡናማ ወይም ወይን ጠጅ ሊመስል፣ ወይም ቦታው ብቻ ጠቆር ሊል ይችላል። ሐኪሙ «ቀይ ነገር አይታየኝም» ካለ፣ ከመታመማችሁ በፊት የተነሳችሁትን ፎቶ ከስልካችሁ አውጥታችሁ አሳዩት። ኩላሊትም በወጣቶቹ ላይ ነው በብዛት የሚጎዳው፣ ሲጎዳ ደግሞ አያምም። የሽንት ምርመራ የሚደጋገመው ለዚህ ነው።

በ60 ዓመት ሲጀምር ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ድካም፣ የመገጣጠሚያ ሕመም፣ የአፍና የዓይን መድረቅ፣ ሲተነፍሱ ደረት ላይ የሚወጋ ነገር። ሁሉም ሰው «እርጅና ነው» ይላል፣ ሐኪሙም ጭምር። ሴት አያቶቻችን ደግሞ ስንጠይቃቸው መልሳቸው «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ለዚህም ነው በሽታው ቶሎ የማይታወቀው። የደም ምርመራውም ያሳስታል፤ ኤ ኤን ኤ የሚባለው ምርመራ በጤነኛ አረጋውያን ላይም ፖዘቲቭ ሊሆን ስለሚችል ብቻውን ሉፐስ ነው አያሰኝም። አንዳንድ መድኃኒቶች ራሳቸው ሉፐስ የመሰለ ሕመም ያመጣሉ፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድራላዚን፣ ለቲቢ የሚሰጠው አይሶናያዚድ። ይሄኛው ዓይነት መድኃኒቱ በሐኪም ትእዛዝ ሲቆም አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ወደ ኩፓት ሆሊም ስትሄዱ የመድኃኒቱን ከረጢት እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ።

ዘግይቶ የሚጀምረው ቀለል ይላል የሚባለውን እኔ በግማሽ ነው የምቀበለው። ኩላሊትን የሚነካው ያንሳል፣ እውነት ነው። ነገር ግን ግፊት፣ ስኳር፣ የሳሳ አጥንት ያለበት ሰውነት ላይ ነው የሚያርፈው፤ ስቴሮይድ ደግሞ ሦስቱንም ያባብሳል። ወጣቶቹም ቢሆኑ ልባቸውን መርሳት የለባቸውም፤ ሉፐስ የደም ሥርን ከዕድሜ በፊት ያስረጃል።

አሁን የእኛ ጉዳይ። የብዙ ሽማግሌዎቻችን ቴኡዳት ዜሁት ላይ ያለው የልደት ቀን በግምት የተጻፈ ነው። ሐኪሙ 58 ዓመት ብሎ የሚያነባቸው ሴት በእውነቱ 67 ሊሆኑ ይችላሉ። የኩላሊት ሥራ ከደም ምርመራ ሲሰላ ዕድሜ ሒሳቡ ውስጥ ይገባል፤ ቁጥሩ ከእውነቱ የተሻለ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው። ፕላኩኔል የሚባለው ዋናው የሉፐስ መድኃኒት ደግሞ ኩላሊት ሲደክም ዓይንን የመጉዳት ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ «ወረቀቱ ላይ ያለው ዕድሜ ትክክል አይደለም» በሉ፣ ፋይሉ ላይም ይጻፍላቸው።

ሌላው፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ላደገ ሰው ስቴሮይድ ከመጀመሩ በፊት የተደበቀ ቲቢና ስትሮንጂሎይድስ የሚባለው የአንጀት ትል መመርመር አለበት፤ ለዓመታት ተኝተው ኖረው በስቴሮይድ ሊነሱ ይችላሉ። ሐኪሙ ካላነሳው እናንተ አንሱት።

ጥያቄያችሁን ላኩልን።