ለእያንዳንዱ ደንበኛ የተለየ ሱቅ፦ የኦንላይን ገበያ ፍለጋና ጥቆማ እንዴት ይፈተሻል?

አንድ የሶፍትዌር ፈታሽ ሁለት የሙከራ አካውንቶች ከፍቷል። አንደኛዋ «ደንበኛ» ሰሞኑን የሕፃናት ልብስና ጡጦ ስትገዛ የከረመች ተደርጋ የተሰናዳች ናት፤ ሁለተኛው የስፖርት ትጥቅ ብቻ ሲያገላብጥ የቆየ። በሁለቱም አካውንት «ጫማ» ብሎ ይፈልጋል። ለአንደኛዋ የሕፃን ጫማ፣ ለሁለተኛው የሩጫ ጫማ ከላይ ይደረደራል። ሥርዓቱ የተሠራው ለዚሁ ስለሆነ እስካሁን ችግር የለም። ነገር ግን በእናትየው ዝርዝር ሦስተኛው ቦታ ላይ የወንድ ቆዳ ጫማ ብቅ ቢልስ? ስህተት ነው ወይስ ለባለቤቷ ስትፈልግ ኖሯል?

ሌላ ሶፍትዌር ሲፈተሽ የሚጠበቀው መልስ አስቀድሞ ይታወቃል። ባለ 100 ብር ዕቃ ሁለት ከተገዛ ሂሳቡ 200 ብር ነው፤ 201 ከመጣ ፕሮግራሙ ተሳስቷል፣ አለቀ። ለየሰዉ እየተለካ የሚቀርብ ፍለጋና ጥቆማ ግን የሚመሳከርበት የመልስ ወረቀት የለውም። ዝርዝሩን የሚደረድረው ሞዴል ትናንት ማታ እንደገና ከሠለጠነ የዛሬው መልስ ከትናንቱ ሊለይ ይችላል፤ ደንበኛው ከአምስት ደቂቃ በፊት የነካው ዕቃም ዝርዝሩን ይለውጠዋል። የመስኩ ታሪክ በአብዛኛው ይህን ጉድለት በሌላ መንገድ ለመሙላት የተደረገ ጥረት ታሪክ ነው።

የፍለጋን ጥራት በቁጥር መለካት ከኢንተርኔት ይቀድማል። በ1960ዎቹ (ከአንድ አዋጅ ቁጥር በስተቀር እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) እንግሊዝ አገር በክራንፊልድ፣ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያው ሲሪል ክሌቨርደን ሦስት ነገሮችን አንድ ላይ አሰናዳ፦ የሰነዶች ስብስብ፣ የጥያቄዎች ዝርዝር፣ እንዲሁም የትኛው ሰነድ ለየትኛው ጥያቄ እንደሚሆን ሰዎች የሰጡት ፍርድ። የፍለጋ ዘዴዎች በዚህ ሚዛን ተወዳደሩ። የአሜሪካ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ከ1992 ጀምሮ ዓመታዊ የፍለጋ ውድድር ሲያካሂድ መሠረቱ ያው ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ብዙም አልተለወጠም። የጥቆማ ሥርዓቶች ደግሞ በዚያው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብቅ አሉ። በ1992 በዜሮክስ የምርምር ማዕከል ታፔስትሪ፣ በ1994 ግሩፕሌንስ ተዋወቁ፤ የሁለተኛው መነሻ «አንተን የሚመስሉ ሰዎች የወደዱትን አንተም ትወዳለህ» የሚል ግምት ነው።

ግምቱን ወደ ገበያ አምጥቶ ትልቅ ገንዘብ ያደረገው አማዞን ነው። ግሬግ ሊንደን የተባለው መሐንዲስ ደንበኛው ወደ ጋሪው ያስገባውን ዕቃ አይቶ ሌላ የሚጠቁም ናሙና በገዛ ተነሳሽነቱ ሠራ። ኋላ ራሱ እንደተረከው፣ አንድ የገበያ ክፍል ከፍተኛ ኃላፊ ሐሳቡን አጥብቀው ተቃወሙ። ሰው ሊከፍል ሲል ሌላ ዕቃ እያሳዩ ማዘናጋት ሽያጭ ያበላሻል የሚል ነበር ስጋታቸው፤ ሊንደንም በሥራው እንዳይቀጥል ተነገረው። እሱ ግን በተወሰኑ ደንበኞች ላይ ለሙከራ አወጣው። ኃላፊው ቢቆጡም ሙከራን ማስቆም ለእሳቸውም ቀላል አልነበረም። ውጤቱ ሲመጣ ጥቆማው በሰፊ ልዩነት አሸነፈ፤ ሳይወጣ የቆየበት ጊዜ ራሱ ኪሳራ ሆኖ ተቆጠረ። ሊንደንና ሁለት ባልደረቦቹ የአማዞንን የጥቆማ ዘዴ የገለጹበት ጽሑፍ በ2003 ታትሞ በመስኩ ብዙ ከሚጠቀሱት አንዱ ሆኗል። ታሪኩ ክርክርን በሥልጣን ከመቁረጥ ይልቅ በሙከራ የመቁረጥ ልማድ እንዴት እንደተጀመረ ጥሩ ማሳያ ነው።

ከሞዴሉና ከሒሳቡ በፊት ግን አንድ ተራ ነገር አለ፤ እሱም ጥያቄው ራሱ ነው። ደንበኛው የሱቁን ገጽ ሲከፍት ስልኩ ወደ ሰርቨሩ የሚልከው መልእክት የደንበኛውን መለያ፣ ያለበትን ከተማ፣ ቋንቋውን፣ የከፈተውን ገጽ፣ በጋሪው ያለውን ዕቃ ይይዛል። መልሱ የዕቃ መለያ ቁጥሮች ዝርዝር ነው፤ ከላይ እስከ ታች በደረጃ። ፈታሹ ዝርዝሩ «ጥሩ» መሆኑን ባያውቅም ብዙ ነገር በእርግጠኝነት መጠየቅ ይችላል። ያለቀ ዕቃ አለበት? ደንበኛው ወዳለበት ከተማ የማይላክስ? አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ተደግሟል? ትናንት የተገዛው ማቀዝቀዣ ዛሬም «ይህን ይውደዱት» ተብሎ ይቀርባል? ምንም ታሪክ የሌለው አዲስ ደንበኛ ሲገባ ባዶ ገጽ ያያል ወይስ በብዛት የሚሸጡትን? የጥቆማው ሰርቨር ቢዘገይ ገጹ አብሮ ይቆማል ወይስ ያለ ጥቆማው ይከፈታል?

እነዚህ ጥያቄዎች ዝና አያመጡም፤ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ላይ የሚያቀርባቸውም የለም። ሆኖም ደንበኛን የሚያስቆጣው አብዛኛውን ጊዜ በሂሳብ ቀመር ውስጥ ያለው ጉድለት ሳይሆን እዚሁ ያለው ነው።

ከሁሉም የከፋው የአንዱን ገጽ ለሌላው መስጠት ነው። ፍጥነት ለመጨመር ሲባል ሱቆች አንዴ የተሠራን ገጽ በጊዜያዊ ማከማቻ፣ ባለሙያዎቹ ካሽ በሚሉት፣ አስቀምጠው ለቀጣዩ ጎብኚ ያቀርባሉ። ገጹ ለሁሉም አንድ ከሆነ ጥሩ ነው። ለአንድ ሰው ብቻ የተሰናዳ ከሆነ ግን ጉድ ይፈላል። በ2015 የፈረንጆች ገና ዕለት የኮምፒውተር ጌም የሚሸጠው ስቲም ላይ የደረሰው ይኸው ነበር። መደብሩ የጥቃት ማዕበል ደርሶበት ጫናውን ለመቋቋም የካሽ አሠራሩ ሲለወጥ፣ ከአንድ ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ ደንበኞች የሌሎችን ገጽ ማየት ጀመሩ፤ የክፍያ አድራሻ፣ የግዢ ታሪክ፣ ኢሜይል ሳይቀር። ባለቤቱ ኩባንያ ቫልቭ በኋላ እንዳሳወቀው ችግሩ 34 ሺህ ገደማ ተጠቃሚዎችን ነክቷል። በሁለት አካውንት ተራ በተራ አንድ ገጽ ከፍቶ መልሶቹ እንዳልተቀላቀሉ ማየት ርካሽ ፍተሻ ነው፤ ከባዱ በጫና ሰዓትና የካሽ ቅንብር በተነካ ቁጥር ሳይሰለቹ መድገሙ ነው።

ትክክለኛው መልስ በማይታወቅበት ቦታ ሌላ ብልሃትም አለ። በ1998 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የሶፍትዌር ተመራማሪው ቲ. ዋይ. ቼን ያቀረበው ሜታሞርፊክ ፍተሻ አንዱን መልስ ብቻውን ከመመዘን ይልቅ በሁለት መልሶች መካከል ሊኖር የሚገባውን ዝምድና ይመረምራል። «ሸሚዝ» ተብሎ 400 ዕቃ ከተገኘ፣ «ከ2,000 ብር በታች» የሚል ማጣሪያ ሲጨመር ቁጥሩ ከ400 ሊበልጥ አይችልም። ከርካሹ ወደ ውዱ የተደረደረው ዝርዝር ከውዱ ወደ ርካሹ ሲገለበጥ አንድም ዕቃ ሊጎድል አይገባም። የደንበኛው ስም ብቻ ተለውጦ ሌላው ሁሉ እንዳለ ከሆነ ጥቆማው መለወጥ የለበትም፤ ከተለወጠ ወይ ስህተት ወይ አድልዎ አለ ማለት ነው። በዚህ መንገድ ጎግል፣ ቢንግና ባይዱ ተመርምረዋል። የስፔኑ የሴቪያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም ስፖቲፋይና ዩቲዩብ ለፕሮግራመሮች በሚከፍቱት የጥያቄ በር ላይ ሞክረውት እውነተኛ ስህተቶች አግኝተዋል።

ይህ ሁሉ ግን «ውጤቱ ደንበኛውን ይጠቅመዋል ወይ?» ለሚለው መልስ አይሰጥም። ለእሱ ከክራንፊልድ የወረደው የሰው ፍርድ ያስፈልጋል። አማዞን በ2022 ለተመራማሪዎች የለቀቀው ስብስብ 130 ሺህ ገደማ የፍለጋ ጥያቄዎችንና 2.6 ሚሊዮን ፍርዶችን የያዘ ነው፤ ቋንቋዎቹ እንግሊዝኛ፣ ጃፓንኛና ስፓኒሽ። ፍርዱ አራት ደረጃ አለው። «አይፎን» ላለ ሰው አይፎኑ ራሱ ልኩ ነው፤ የአንድሮይድ ስልክ ተተኪ፣ ቻርጀሩ አጃቢ፣ ሌላው የማይገናኝ። ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ቻርጀሩን በፍለጋ ውጤት አናት ላይ ማየት የሚያናድደውን ያህል፣ በጋሪው ሥር እንደ ጥቆማ ማየት ደስ ያሰኛል። አንዱ ዕቃ በአንዱ ቦታ ስህተት፣ በሌላው ልክ ነው። ከዚያ ሁለት የፊንላንድ ተመራማሪዎች፣ ያርቬሊንና ኬካላይነን፣ በ2002 ባጠናቀቁት ኤንዲሲጂ በተባለ መለኪያ ዝርዝሩ ነጥብ ይሰጠዋል፤ ጥሩ ዕቃ ከላይ ከሆነ ብዙ፣ ወደ ታች በወረደ ቁጥር ያነሰ።

ነጥብ ያለበት ቦታ ውድድር አይጠፋም። ኔትፍሊክስ በጥቅምት 2006 የራሱን የፊልም ጥቆማ ግምት በ10 በመቶ ላሻሻለ 1 ሚሊዮን ዶላር እሰጣለሁ አለ። 480 ሺህ ያህል ደንበኞች ለ17,770 ፊልሞች የሰጡትን ከ100 ሚሊዮን በላይ ደረጃ ስም አጥፍቶ ለቀቀ። ሽልማቱ በመስከረም 2009 ተሰጠ፤ ሁለት ቡድኖች እኩል ነጥብ አምጥተው አሸናፊው የተለየው መልሱን 20 ደቂቃ ቀድሞ በማስገባቱ ነበር። ታዲያ ሚሊዮን የወጣበት ጥምር ሞዴል ሙሉው ሥራ ላይ አልዋለም። የኩባንያው መሐንዲሶች በ2012 እንዳስረዱት፣ የተገኘው ተጨማሪ ትክክለኛነት ለማስገባት ከሚጠይቀው ድካም ጋር አይመጣጠንም፤ ኩባንያውም በዚያን ጊዜ ከዲቪዲ ኪራይ ወደ ኢንተርኔት ሥርጭት ተሻግሮ ነበር። በዚያ ላይ ናራያናንና ሽማቲኮቭ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስም የጠፋበትን መረጃ ሌላ ድረ ገጽ ላይ ካለ የፊልም አስተያየት ጋር አገናኝተው የአንዳንዶቹን ማንነት ማወቅ እንደሚቻል አሳዩ። ክስ መጣ፤ ሁለተኛው ውድድር በ2010 ተሰረዘ።

የጥናቱ ዓለም ራሱም ከወቀሳ አልዳነም። በ2019 በሚላኖና በክላገንፉርት ያሉ ተመራማሪዎች በታላላቅ ጉባኤዎች የቀረቡ 18 አዳዲስ የጥቆማ ዘዴዎችን መልሰው ለመሥራት ሞከሩ። በአግባቡ ሊደገሙ የቻሉት 7 ብቻ ነበሩ፤ ከ7ቱ 6ቱን ደግሞ በደንብ የተስተካከሉ የቆዩ ቀላል ዘዴዎች ብዙ ጊዜ በለጧቸው። መለኪያውን አምኖ የሙከራውን አሠራር ያልመረመረ ሰው ምን እንደሚገጥመው ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስለዚህ የመጨረሻው ዳኛ እውነተኛው ደንበኛ ነው ይባላል። በኤ/ቢ ሙከራ ደንበኞች በዕጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ግማሹ አሮጌውን፣ ግማሹ አዲሱን ያያል፣ ግዢና ቆይታ ይወዳደራል። በማይክሮሶፍት የሙከራ ሥራን ለዓመታት የመራው ሮኒ ኮሃቪ እንደጻፈው፣ በዚያ ከተሞከሩ ሐሳቦች የታሰበላቸውን መለኪያ ያሻሻሉት ሲሶው ገደማ ብቻ ናቸው። ይህ ዳኛ ግን አንዳንዴ በጣም ይሳሳታል። ቢንግ ላይ አንድ ጊዜ በስህተት የተበላሸ የፍለጋ ውጤት የሚያሳይ ሙከራ ወጣ። በአንድ ተጠቃሚ የሚደረገው ፍለጋ ከ10 በመቶ በላይ፣ የማስታወቂያ ገቢው ከ30 በመቶ በላይ ዘለለ! ሰዉ የሚፈልገውን ስላጣ ደጋግሞ ፈለገ፤ ከተበላሸው ውጤት ማስታወቂያው ተሽሎ ስለታየውም እሱን ተጫነ። አለቃው የገቢውን ቁጥር ብቻ የሚያይ ቢሆን ኖሮ ስህተቱ እንደ ድል ይከበር ነበር። ከዚያ ወዲህ ቡድኑ ሰው ተመልሶ የሚመጣበትን ድግግሞሽ እንደ ዋና መለኪያ ያዘ።

ሌላው አሳሳች ነገር ቦታ ነው። ሰው የላይኛውን የሚነካው ላይ ስለሆነም ጭምር ነው፤ ቶርስተን ዮአኪምስና ባልደረቦቹ በ2005 የዓይን እንቅስቃሴ በሚከታተል መሣሪያ ይህን አረጋግጠዋል። ዮአኪምስ ያስተዋወቀው መፍትሔ የሁለት ሥርዓቶችን ውጤት በአንድ ዝርዝር አፈራርቆ ለአንድ ሰው ማሳየትና የማንኛው ዕቃ እንደተመረጠ መቁጠር ነው። ኔትፍሊክስ በ2017 እንደገለጸው ይህ ዘዴ ከኤ/ቢ ሙከራ 100 ጊዜ ባነሰ የተጠቃሚ ቁጥር ምርጫን ይለያል። ፍጥነትም መዘንጋት የለበትም፤ ቡኪንግ ዶት ኮም በ2019 ባሳተመው ጥናት፣ የ30 በመቶ መዘግየት ግማሽ በመቶ ያህል ግብይት እንደሚያሳጣ ዘግቧል። ብልህ ሆኖ የሚንቀራፈፍ ሞዴል ይሸነፋል።

ሕጉም የራሱን የፍተሻ ዝርዝር ጨምሯል። የአውሮፓ ኅብረት የዲጂታል አገልግሎቶች ሕግ አንቀጽ 38 እጅግ ግዙፍ የሆኑ መድረኮች በደንበኛው የግል መገለጫ ላይ ያልተመሠረተ ቢያንስ አንድ የጥቆማ አማራጭ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ለፈታሹ ይህ ማለት ደንበኛው ያን አማራጭ ሲመርጥ የግል ታሪኩ በእርግጥ ከመልሱ መውጣቱን ማረጋገጥ ነው። ኢትዮጵያም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን አውጥታለች፤ የደንበኞችን እውነተኛ ታሪክ ወደ ሙከራ ሰርቨር እንዳለ መገልበጥ የለመደ ቡድን ልማዱን እንደገና ማጤን አለበት።

በአማርኛ ለሚሸጡ ሱቆች ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ የሚመጣ ፈተና አለ። «የፀሐይ መነጽር» የሚለውን እንውሰድ። የመጀመሪያው ቃል በፀ ወይም በጸ፣ ቀጥሎ በሐ፣ በሀ ወይም በሃ፣ መነጽሩም በጽ ወይም በፅ ሊጻፍ ይችላል። ይህ ብቻ 12 አጻጻፍ ነው፤ ስልኩ ላይ የአማርኛ ኪቦርድ የሌለው ደግሞ በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። 12ቱም አንድ ውጤት ማምጣት አለባቸው፤ የቼን ዘዴ እዚህ ላይ ያለ አንዳች ለውጥ ይሠራል። የአማርኛ ሰነድ ፍለጋን ለመመዘን ጥላሁን የሻምበል፣ ጆዚያን ሞትና አንድ ባልደረባቸው በ2020 የሰነዶች፣ የጥያቄዎችና የፍርዶች ስብስብ አቅርበዋል። ለዕቃ ፍለጋም እንዲሁ ማድረግ ይቻላል። የሱቅ ባለቤቶች ብዙ ጊዜ የሚፈለጉትን ጥቂት መቶ ቃላት መርጠው፣ በየቃሉ የሚመጡትን ዕቃዎች ልክ፣ ተተኪ፣ አጃቢና የማይገናኝ ብለው ቢለዩና ለተማሪዎችና ለተመራማሪዎች ክፍት ቢያደርጉ የማንንም ደንበኛ ታሪክ መንካት አያስፈልጋቸውም።