የ«ደም አርጊ» እና የ«ብግነት» ስያሜ በሕክምና ትርጉም ውስጥ

አንድ ሙያዊ ቃል ሲሰየም ከነገሩ ቅርጽ ወይም ከተግባሩ መነሣት የተለመደ ነው። ከተግባር የተነሣ ስያሜ ለአንባቢ ቶሎ ይገባል፤ ነገር ግን ለዚያው ነገር ሁለተኛ ተግባር በተገኘለት ጊዜ ስያሜው ይጠብበዋል። ለዚህም የሚከተለው ዐረፍተ ነገር ምሳሌ ይሆነናል፦ «ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለባቸው ሰዎች የተነቃቁ ደም አርጊዎች የሳንባን ብግነት ያባብሳሉ።» ተርጓሚን ሊያሰናክሉ የሚችሉትን ሦስቱን ቃላት ከነጽንሰ ሐሳባቸው በየተራ እንመለከታለን።

ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ከእናትም ከአባትም የሚወረስ ሕመም ነው። መነሻው በ7ኛው ክሮሞዞም ላይ የሚገኝና እ.ኤ.አ. በ1989 ተለይቶ የታወቀ ጂን ሲበላሽ ነው። በዚህ ምክንያት የጨውና የውሃ ዝውውር ስለሚታወክ በሳንባና በቆሽት ቦዮች ውስጥ ያለው ፈሳሽ ወፍሮ ይዝለገለጋል። ስያሜው ግን ዶክተር ዶሮቲ አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1938 በሕሙማኑ ቆሽት ላይ ከገለጹት የከረጢትና የጠባሳ ምልክት የመጣ ነው። ስለዚህ ቃል በቃል ብንተረጉመው አንባቢው ቆሽትን ብቻ ያስብና ሳንባን ይዘነጋል። ፈረንሳዮችና ጀርመኖች ከወፈረው ፈሳሽ ተነሥተው ሌላ ስም አውጥተውለታል፤ እኛ ግን የውጭውን ቃል እንዳለ መያዙን እንመርጣለን።

«ደም አርጊ» የተባሉትን እ.ኤ.አ. በ1882 ለይቶ የገለጸው ጣሊያናዊው ጁሊዮ ቢዞዜሮ ነው። የአውሮፓ ቋንቋዎች «ትንሽ ሳሕን» በሚል ፍቺ ከቅርጻቸው ሰየሟቸው፤ የአማርኛው ቃል ግን እርጎ ከወጣበት «ረጋ» ከሚለው ግሥ ይመነጫል። «አርጊ» ብቻውን ሲጻፍ ለሴት ከሚነገረው ትእዛዝ ጋር ስለሚመሳሰል «ደም» የሚለው ቃል ሊለየው አይገባም። ደም አርጊዎች በመቅኒ ውስጥ ካሉ ትልልቅ ሕዋሳት የሚቆረሱ፣ አስኳል የሌላቸው ቁራጮች ናቸው። በጤናማ ሰው በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150,000 እስከ 450,000 ይገኛሉ፤ ዕድሜያቸውም ከ7 እስከ 10 ቀን ያህል ነው።

ሥራቸው ግን ደም በማርጋት አያበቃም። ሲነቃቁ ፒ-ሴሌክቲን የተባለውን ፕሮቲን በገጻቸው ላይ ያወጣሉ፤ በእርሱም ከነጭ የደም ሕዋሳት ጋር ተጣብቀው ብግነትን ይቀሰቅሳሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት እንዲህ ያሉ ጥብቆች ሲስቲክ ፋይብሮሲስ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ በዝተው መገኘታቸውን አሳይቷል። እንግዲህ ተርጓሚው ስያሜው አሳስቶት «የደም መርጋት ብግነትን ያባብሳል» ቢል ምንጩ ያላለውን ተናገረ ማለት ነው። «የተነቃቁ» የሚለውን «የበዙ» ቢለው ደግሞ የተግባርን ነገር ወደ ቍጥር ይለውጠዋል።

«ብግነት» «በገነ» ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን መቃጠልን ያመለክታል። ሮማዊው ኬልሱስ የዘረዘራቸው አራት ምልክቶች፣ ማለትም መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና መታመም፣ ከዚህ ፍቺ ጋር ይስማማሉ። በዕለት ንግግር ግን «አንጀቱ በገነ»፣ «ቆሽቱ አረረ» የሚባለው ስለ ተናደደ ሰው ነው። ስለዚህ በሕክምና ጽሑፍ ግሡን ትቶ «የሳንባ ብግነት»፣ «የቆሽት ብግነት» እያሉ በስም መጠቀም ይሻላል።

ከሁሉ የሚከፋው ብግነትን «ልክፈት» ብሎ መተርጐም ነው። ልክፈት የተሕዋስያን መግባት ነው፤ ብግነት ሰውነት የሚሰጠው ምላሽ ነው። በዚህ ሕመም ሁለቱም በሳንባ ውስጥ አብረው ይገኛሉ፤ ምላሹም ከልክ ሲያልፍ ራሱን ሳንባውን ይጎዳል። ቃላቱ ከተቀያየሩ ግን የልጇን ሕመም ለመረዳት የምታነብ እናት የተወረሰውን ሕመም ተላላፊ አድርጋ ትወስደዋለች፤ ጎረቤትም ልጁን ይሸሻል።

ስያሜ የነገሩን ባሕርይ ሁሉ ሊሸከም አይችልም፤ የቀረውን መሸከም ያለበት ፍቺው ነው። ስለዚህ ስያሜውን ሳንለውጥ ለመዝገበ ቃላት የሚከተለውን ፍቺ እናቀርባለን፦

ደም አርጊ (ስም)፦ በደም ውስጥ የሚዘዋወር፣ አስኳል የሌለው ደቃቅ የሕዋስ ቁራጭ፤ ፩. ደም ሲፈስ የሚያረጋ፤ ፪. ሲነቃቃ ከነጭ የደም ሕዋሳት ጋር ተጣብቆ ብግነትን የሚቀሰቅስ።