ሞተሩ ደክሞ ነው ወይስ አየሩ ሳስቶ?

ከጥቂት ዓመታት በፊት አሮጌዋ መኪናዬ ዳገት ላይ ጉልበት እያጣች ስላስቸገረችኝ ባሕር ዳር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ወሰድኳት። መካኒኩ የአራቱን ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን ለክቶ 9.5፣ 9.6፣ 9.4 እና 9.5 ባር አገኘ። መመሪያ መጽሐፏ የሚለው ግን 12 ባር ነው። «ሞተሩ አልቋል፤ ወርዶ መታደስ አለበት» ተባልኩ። የተጠየቅሁት ገንዘብ የበርካታ ወራት ደመወዜን የሚያህል ነበር። ከመክፈሌ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ወደ አእምሮዬ መጣ፤ ይህ 12 ባር የተጻፈው የት ላለ አየር ነው?

እንዲህ ያሉ መመሪያዎች በአብዛኛው መሠረት የሚያደርጉት የባሕር ጠለልን አየር ነው። በዚያ ከፍታ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ያህል ሲሆን፣ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው በጣና ዳርቻ ግን ወደ 82 ኪሎ ፓስካል፣ ማለትም ወደ 80 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ፒስተኑ ወደ ታች ሲሳብ ወደ ሲሊንደሩ የሚገባው ይኸው የሳሳ አየር ነው። የሞተሩ የማመቅ አቅም በቦታ ስለማይለወጥ፣ የአየሩ መነሻ ግፊት በአንድ አምስተኛ ካነሰ የመጨረሻው ግፊትም በዚያው መጠን ያንሳል። 12 በ0.8 ሲባዛ 9.6 ይሆናል። የመኪናዬ ሞተር ጤነኛ ነበር ማለት ነው!

ልኬቱን በቤት ማከናወን

የቤንዚን ሞተር ላለው ሰው ይህ ምርመራ ከባድ አይደለም። የሚያስፈልገው የኮምፕሬሽን መለኪያና የካንዴላ መፍቻ ነው። በቅድሚያ ሞተሩን ገላጣ ቦታ ላይ ማሞቅ ይገባል፤ በተዘጋ ቤት ውስጥ የሚከማቸው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የሌለው ገዳይ ነውና። ከዚያም ሞተሩን አጥፍቶ፣ የእሳትና የነዳጅ መስመሩን አቋርጦ፣ ካንዴላዎቹን ሁሉ መፍታት ነው። መለኪያውን በአንደኛው ቀዳዳ ካሰሩ በኋላ የነዳጅ ፔዳሉን እስከ መጨረሻው ረግጦ መርፌው እስኪቆም ድረስ በሞተሪኖ ማዞር፣ ቁጥሩንም መጻፍ። በሌሎቹም እንዲሁ።

አሁን ቁጥሮቹን ከመጽሐፉ ጋር ከማነጻጸር በፊት እርስ በርስ ማነጻጸር ይበልጣል። ሁሉም ሲሊንደሮች የሚስቡት አንድ ዓይነት አየር ስለሆነ፣ አንዱን ለሌላው ስናካፍል የከፍታው ተጽዕኖ ይሰረዛል። በተለመደው መመዘኛ ዝቅተኛው ከከፍተኛው 75 በመቶ በታች መሆን የለበትም። ለምሳሌ 9.5፣ 9.6፣ 6.1 እና 9.4 ቢገኝ፣ 6.1 ለ9.6 ሲካፈል 64 በመቶ ገደማ ስለሚሆን ሦስተኛው ሲሊንደር በእርግጥ ታሟል።

በሽታው የቱ ጋ ነው? በታመመው ሲሊንደር አንድ የሻይ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ዘይቱ በፒስተኑና በግድግዳው መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍን፣ ግፊቱ በግልጽ ከጨመረ የተበሉት የፒስተን ቀለበቶች ወይም ግድግዳው ናቸው። ካልጨመረ ጥርጣሬው ወደ ቫልቮቹ ይዞራል። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ደግሞ በመካከላቸው ያለው የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ጭሱም ይመሰክራል። ሰማያዊው ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን፣ የማያቋርጥ ነጩ ውኃ ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ ጥቁሩ ለአየሩ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። ለባሕር ጠለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በእኛ ከፍታ ጥቁር ጭስ ቢያወጣ አያስገርምም፤ የሳሳ አየር ላይ የሚረጨው ቤንዚን ይበዛበታልና።

የእኔዋስ መኪና? የአየር ማጣሪያዋ በአቧራ ተደፍኖ ነበር። ከለወጥኩት በኋላ ዳገቱን ወጣች፤ ሞተሩም ሳይወርድ ቀረ።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ በመከልከሉ፣ ያሉን አሮጌ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት አብረውን የሚዘልቁ ይመስላል። ስለዚህ አንድ ቁጥር «ዝቅ ብሏል» ስንባል ከምን አንጻር ብለን መጠየቅን እንልመድ። ሞተር ከመፍታት በፊት ቁጥሩን መፍታት ይቀድማል።